«ደካማው ይቅር» ማለት ሳይንስ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ አዳራሹ ወረፋ የወጣውን አንብበን ስቀናል። የዛሬው የእኛ ጽሑፍ ግን አያስቅም፤ ርዝመቱንም ታገሡን።

ነገሩ የተጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። ለማስተማር ልምምድ የምንወጣበት ቡድን ይመሥረት ተባለ። አምስት አምስት ሆነን በየትምህርት ቤቱ ልንመደብ ነው፤ ማርኩም ከፊሉ የቡድን ነው። ሁሉም የልቡን ሰው ጠራ፣ ስም ተጻፈ፣ ወረቀት ተለጠፈ። በመጨረሻ ስሙ በማንም ወረቀት ላይ ያልሰፈረ አንድ ልጅ ቀረ። ዓይኑ በደንብ አያይም። ሲያነብ መጽሐፉን አፍንጫው ድረስ ያስጠጋል፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦም ጥቁር ሰሌዳውን አይለየውም። በቃል ጥያቄ ጊዜ ግን ማንኛችንም አንደርስበትም፤ ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። «ለምን እኛ አንወስደውም?» የሚል ድምፅ ከአንዱ አልጋ በኩል ተሰማ። ያኔ አንድ ጓደኛችን (ስሙን አንጽፍም፣ ራሱን ያውቀዋል፤ ክፉ ልጅም አይደለም) እንዲህ አለ፦ «ተፈጥሮ ራሷ ደካማውን እየተወች ነው የምትሄደው። ዳርዊን ያለው ይህንኑ ነው። እኛ ከተፈጥሮ እንበልጣለን እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። እኛም ሳቅን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት ነን፤ ሁለታችን ከቢስቲማ፣ አንዳችን ከኮምቦልቻ። ሦስታችንም ከሳቂዎቹ ውስጥ ነበርን፣ ለመካድ አንችልም። ልጁ ራሱ እዚያው በር አጠገብ ቆሞ እንደነበረ ያየነው ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።

«ነውር ነው!» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ነውርም ነው። ነገር ግን ጓደኛችን የተናገረው በሳይንስ ስም ነው፤ ስለሆነም መልሱ በሳይንስ በኩል መምጣት አለበት። ደግሞ ይህን አባባል የሚናገረው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰሌዳ ባላበቃነው። በየሻይ ቤቱ «ዘመኑ የጠንካራው ነው» ይባላል። በየትምህርት ቤቱ ደግሞ ሳይባል ይሠራበታል፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን። (በእምነቱ ምክንያት የዝግመተ ለውጥን ትምህርት የማይቀበል አንባቢም ይኖራል። የዛሬው ክርክራችን እሱን አይመለከትም። ትምህርቱን የሚቀበል ሰው እንኳ ከእሱ ተነስቶ «ደካማው ይቅር» ሊል አይችልም ነው የምንለው።)

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ባጭሩ ይኸው ነው። ከአንድ ዝርያ የሚወለዱ ፍጡራን እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ከልዩነታቸው ከፊሉ በዘር ይተላለፋል፤ ልዩነቱ ላሉበት አካባቢ የተስማማላቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ዘር ይተካሉ፤ ይህም በብዙ ሺህ ትውልድ ሲደጋገም ዝርያው ይለወጣል። አለቀ። በዚህ ውስጥ «ጠንካራ» የሚል የለም፤ «የተሻለ ሰው» የሚልም የለም። ያች ሁላችንም በቃላችን የያዝናት «የብቁው መትረፍ» የምትባል ሐረግ እንኳ የዳርዊን ፈጠራ አይደለችም። ኸርበርት ስፔንሰር የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1864 ያወጣት ናት። ዳርዊን ኋላ ተዋሳት፤ መዋሱም ጣጣ አመጣ።

ብቁ ማለት ለዚያ ቦታና ለዚያ ጊዜ የተስማማ ማለት ነው። የጦሳ ደጋ በግ ባቲ ቆላ ቢወርድ ሙቀቱ ያዝለዋል። የአፋር ግመል ደሴ አናት ላይ ብታድር ብርዱ አይስማማትም። ከሁለቱ ማንኛው ነው «ደካማ»? ከባዮሎጂ ክፍል ሌላ ምሳሌ እንጨምር። የቀይ ደም ሴልን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ ዘረ መል አለ። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ልጅ ጽኑ ሕመም ያገኘዋል፤ ከአንዳቸው ብቻ የወረሰው ግን ከብርቱ ወባ ይጠበቃል። እንግዲህ ይህ ዘረ መል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ወባ ባለበት ቆላ አንድ መልስ፣ ወባ በሌለበት ደጋ ሌላ መልስ አለው።

እሺ፣ ይሁን፣ ተፈጥሮ ደካማውን ትጥላለች እንበል። ከዚያ ተነስቶ «እኛም እንጣል» ማለት በየት በኩል ይከተላል? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የወረደ ሰው ሁሉ የስበትን ሕግ በሆዱ ያውቀዋል። ስበት የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የሚሽረው የለም። ሾፌሩ ግን «ሕጉ ወደ ታች ነው የሚለው» ብሎ ፍሬኑን አይለቅም። እንዲያውም ሕጉን በማወቁ ነው ፍሬን የተሠራው። ኩፍኝም የተፈጥሮ ነው፤ ክትባትን ግን ማናችንም «ከተፈጥሮ መጣላት ነው» አንልም። ታዲያ ተፈጥሮን የምንጠቅሰው የሌላውን ሸክም ላለመሸከም ስንፈልግ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ጓደኛችን የዘለለው ሌላም ነገር አለ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚሠራው በዘር በሚወረስ ነገር ላይ ብቻ ነው። እስቲ በየሰፈራችን የምናውቃቸውን አካል ጉዳተኞች እናስታውስ። ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት በየገጠሩ አሉ፤ ብዙዎቹን ያጠፋቸው ትራኮማ ነው። ትራኮማ ባክቴሪያ ነው። ፊት መታጠቢያ ውኃ በሌለበት ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። በመድኃኒትና በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊገታ የሚችል ነው። የእኛ የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ የሚናገረው ስለ ውኃና ስለ ጤና ጣቢያ ነው እንጂ ስለ ዘራችን አይደለም።

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም መነሻው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነው። በሽታው «በዘር ይወርዳል» ይባል ስለነበር የታማሚው ልጅና የልጅ ልጅ ሳይቀር ለጋብቻ ይሸሽ ነበር። ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሐንሰን ግን የሥጋ ደዌን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 በማጉያ መነጽር አይቶታል። ዛሬ በጥምር መድኃኒት ይድናል። ስንት ቤተሰብ «በዘሩ» እየተባለ ተዘግቶበት ኖረ፤ ወንጀለኛው ግን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነበረ! አዮዲን ያጣች እናት መስማት የማይችልና አእምሮው በዝግታ የሚያድግ ልጅ ልትወልድ ትችላለች፤ መድኃኒቱ በጨው ውስጥ የሚጨመር ቅንጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባማ ያየነውን አይተናል። ያልፈነዳ ጥይት ከእርሻ ላይ አንስቶ እጁን ያጣ እረኛ ይኖራል። ጥይት በየትኛው ክሮሞሶም ነው የሚወረሰው?

በዘር የሚወረስ ጉዳትም እኮ አለ፤ አንክድም። ሒሳብ የሚወድ ካለ ይህችን አብሮን ያስላ። ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚታይ ጉዳት ከ10,000 ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል እንበል። ዘረ መሉን ሳይታይባቸው የሚሸከሙት ጤነኞች ከ50 ሰው አንድ ያህል ናቸው። ማለትም ከታመሙት 200 ጊዜ ይበዛሉ። እንግዲህ ጉዳቱ የታየባቸውን ሁሉ «ዘር አትተኩ» ብሎ የሚከለክል ጨካኝ መንግሥት ቢመጣ፣ የዘረ መሉ ብዛት በግማሽ እስኪቀንስ 100 ትውልድ ይፈጅበታል። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ብንል 2,500 ዓመት! ወደ ኋላ ብንቆጥረው ከአክሱም መንግሥት በፊት እንደርሳለን። ያ ሁሉ ግፍ ለዚህ ነው? ደግሞም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ይህን የሚያነብ ጤነኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጻፊዎቹም ልንሆን እንችላለን።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ፤ ለወሎ ልጅ ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለምና።

ዳርዊን ሐሳቡን ሲያብላላ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ የእንግሊዛዊው የማልተስ። ማልተስ የሰው ብዛት ከምግብ ይቀድማል፣ ረሃብም መልሶ ያስተካክለዋል የሚል ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ረሃብ በመጣ ቁጥር «የተፈጥሮ ሚዛን ነው» የሚል አይጠፋም። ጓደኛችንም በማግስቱ ምሽት ክርክሩ ሲጦፍ ይህንኑ አነሣ። «በ66ቱ ድርቅ ደካማው ሄደ፣ ጠንካራው ተረፈ፤ እኛ የተረፉት ልጆች ነን» አለ። ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

እውነት እንዲህ ነበር? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ያለቀው ሕዝብ ያለቀው ደካማ ስለነበረ ነው? ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ ነው፤ የደሴ ገበያም በምዕራፉ ውስጥ አለች። እሱ ያገኘው ይህንን ነው። በወሎ ምርቱ በእርግጥ ወድቆ ነበር። በአገር ደረጃ ግን እህል ያን ያህል አልጎደለም። የሚገርመው ደግሞ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም። ሕዝብ በየመንገዱ እየወደቀ ዋጋው አልናረም! ለምን? ገበሬው የሚገዛበት ብር አልነበረውምና። የራሱ እህል ሲጠፋ ኪሱም አብሮ ጠፋ፤ ገዢ በሌለበት ዋጋ አይጨምርም። ይባስ ብሎ ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ ነበር። እኛ ዛሬ በሚኒባስ በምንወርድበትና በምንወጣበት ጎዳና ማለት ነው። በመንገዱ ዳር የሚራበው ወሎዬ ተቀምጧል፤ በመንገዱ ላይ እህል የጫነ መኪና ያልፋል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በማን ላይ ደረሰ? በአፋር ከብት አርቢዎች ላይ ነው። ሴን እንደሚያስረዳው ድርቁ ብቻ አይደለም የጎዳቸው። በአዋሽ ዳር ያለው የግጦሽ መሬታቸው ለትላልቅ እርሻዎች ተወስዶባቸው ነበር። የቀረቻቸውን ከብት ነድተው ገበያ ሲመጡ ደግሞ የከብት ዋጋ ወድቆ ጠበቃቸው፤ ላም ሸጦ የሚገኘው እህል ካለፈው ዓመት በእጅጉ አነሰ። በደጋው ደግሞ መሬት የሌለው ጭሰኛ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ጉልበት አጥተው ነው? የአፋር እረኛ በበረሃ ስንት ቀን ያለ ምግብ እንደሚጓዝ ከቢስቲማ ወደ ቆላ ወርዶ የተገበያየ ሁሉ ያውቃል።

ከመካከላችን የአንዱ አያት ቢስቲማ አካባቢ ያንን ክፉ ቀን አይተዋል። ስንጠይቃቸው ያሉን ይህ ነው፦ «የተረፍነውማ ወንድሜ አሰብ ወደብ ላይ ተቀጥሮ ስለነበረ ነው፤ ብር ይልክልን ነበር። ጎረቤታችን ግን በእርሻ የሚደርስበት የሌለ ኃይለኛ ሰው ነበር። ከነልጆቹ አለቀ።» ሌላ ጊዜ ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ያህል መናገራቸው ራሱ ገርሞናል። እንግዲህ ጓደኛችን ሆይ፣ ጉልበቱ የነበረው ከጎረቤቱ ዘንድ ነበር። የተረፈው ብር የደረሰው ነው።

የጊዜው መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ደበቀ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 በፊልም እስኪያሳየው ድረስ ዓለም ያወቀው እምብዛም ነው። ረሃብን መደበቅ የተፈጥሮ ምርጫ ነው? የመሬት ሥሪቱ፣ የገበያው፣ የቢሮው ሥራ ሁሉ በ«ተፈጥሮ» ስም ሲጠቀለል ተጠያቂ ሰው ይጠፋል። ይህ አስተሳሰብ ለማን እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ሌላም መረሳት የሌለበት ነገር አለ። «ጠንካራው ደካማውን ይግዛ» የሚለው ፍልስፍና በአውሮፓ ሲሰበክ እኛ ኢትዮጵያውያን ከደካሞቹ ዝርዝር ውስጥ ነበርን። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልቀረም። አገሪቱን ከያዙ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1937 ኢጣሊያዊ ከአገራችን ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጡ። ዘራችን ዘራቸውን እንዳያበላሽ! ስለዚህ «ዳርዊን እንዳለው» ብሎ የሚጀምር የወሎ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል።

በጀርመን የሆነውን ደግሞ እኛ መምህራን ልንሆን ያለነው ከሌላው ሰው ይልቅ ማወቅ አለብን። የዳርዊን ዘመድ የሆነው ፍራንሲስ ጎልተን እ.ኤ.አ. በ1883 «ዩጀኒክስ» የሚል ስም ያወጣለት ዘርን እናሻሽል ባይነት ከእንግሊዝ ተነስቶ አሜሪካን አዳርሶ ጀርመን ገባ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ዓይነ ስውሩን፣ መስማት የተሳነውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን «በዘር የመጣ ነው» በተባለ ጊዜ በግዴታ የሚያመክን ሕግ አወጡ። ወደ 400,000 ሰዎች መከኑ። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ ወደ ግድያ ተሸጋገሩ፤ በስድስት ሥፍራዎች በጋዝ ብቻ እስከ 1941 ድረስ 70,000 ያህል ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ተገደሉ። ይህ በየት ተጀመረ ብትሉ፣ ከሌሎች ቦታዎች መካከል በክፍል ውስጥ ነው። በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ «አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በቀን ይህን ያህል ያስወጣል፤ በዚህ ገንዘብ ስንት ቤት ይሠራል?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይወጣ ነበር። ልጆች ተቀምጠው አካፈሉ፣ አባዙ። መምህሩም «ትክክል» ብሎ አረመ። በዘገምተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ያስተምሩ ከነበሩት መምህራን ውስጥ የገዛ ተማሪዎቻቸውን ስም ለማምከኛ የጠቆሙም ነበሩ። ያንን ሒሳብ ያረመው መምህር ምናልባት እንደ ጓደኛችን ክፉ ሰው አልነበረም።

አሜሪካም ከዚህ አላመለጠችም። ቨርጂንያ ውስጥ ኬሪ በክ የተባለች ድሀ ወጣት እናቷም፣ እሷም፣ ገና ጨቅላ የነበረች ልጇም «አእምሯቸው ደካማ ነው» ተብሎ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1927 እንድትመክን ፈቀደ። በአሜሪካ በዚህ ዓይነት ሕጎች የመከኑት ከ60,000 ይበልጣሉ። ያች ሕፃን ቪቪያን አድጋ ትምህርት ቤት ገባች፤ ስሟም በክፍሏ የክብር ዝርዝር ላይ ሰፈረ። በስምንት ዓመቷ በሕመም ሞተች። ኬሪ በክ ራሷም ኋላ ሲጣራ የአእምሮ ጉድለት አልነበረባትም። ዳኞቹ፣ ሐኪሞቹ፣ ምሁራኑ ሁሉ ተሳስተው የአንደኛ ደረጃ መምህርቷ የማርክ ወረቀት ትክክል ሆኖ ተገኘ! ይህን ታሪክ ስናነብ በሙያችን ትንሽ ኮራን፤ ይፈቀድልን።

ስለ ዳርዊን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ሕክምናና ክትባት ደካሞችን ስለሚያተርፍ ለዝርያው ጉዳት ሊኖረው ይችላል ብሎ ጽፏል። ይህን ደብቀን ብናልፍ ጓደኛችን ነገ አውጥቶ ያሳፍረናል። ነገር ግን እዚያው ላይ አያይዞ፣ ለደካማው መራራት የሰው ልጅ ባሕርይ ከሁሉ የከበረው ክፍል ስለሆነ እሱን መተው የከፋ ነው ብሏል። ርኅራኄውም ቢሆን ከዚያው ከማኅበራዊ ኑሮ ያደገ ነው ይላል። ጥቅስ ሲቆረጥ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ዶርም ይገባል፣ ግማሹ ቤተ መጻሕፍት ይቀራል።

በአጥንትም ቢሆን ማስረጃ አለ። ከወሎ ደጋ ቁልቁል በምትታየው የአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከዚያው አካባቢ፣ ዲኪካ ላይ፣ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ.ም. ያገኟት ሰላም ደግሞ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረች። እስቲ እነዚያን ቀደምቶች ከአንበሳና ከነብር ጋር አወዳድሯቸው። ክራንቻ የላቸው፣ ጥፍር የላቸው፣ እንደ ሚዳቋ አይሮጡ። «ጠንካራው ይኑር» ቢሆን ኖሮ የሰው ዘር ጉዳይ ያኔውኑ ተቆርጦ ነበር። ያኖራቸው አብሮ መሆን ነው ብንል የምንስት አይመስለንም። በኢራቅ ሻኒዳር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1957 የተገኘው የኒያንደርታል ሰው ደግሞ አንድ እጁ የሰለለ፣ በአንድ ዓይኑ ማየት የማይችል፣ የሚያነክስ ሰው ነበረ። ጉዳቱ ግን የቆየ ነው፤ አጥንቱ ሽሯል። ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። በበረዶ ዘመን፣ በዋሻ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ሆኖ ይኖራል? ያኔም አጉራሽ ነበረው ማለት ነው። እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው ነገር ሥሩ ሩቅ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ክፍላችን። በልምምድ ጊዜ ያየነውን እንናገር፤ ትምህርት ቤቱን አንጠቅስም፣ እንዲህ ያለው ክፍል አንድ ብቻ አይደለምና። ከ70 በላይ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ታጭቀዋል። ከፊት «ጎበዞች»፣ ከመካከል «መካከለኞች»፣ ከበሩ አጠገብ «ሰነፎች» ተደርድረዋል። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ ስም ሲጠራ አቤት አትልም ነበር። «ደንቆሮ ናት» አሉን ልጆቹ፤ እንደ ስሟ ቆጥረው ነው የሚናገሩት። ያች ልጅ ግን የከንፈር እንቅስቃሴ ታነብባለች። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ይጠፋባታል፤ ወደ ክፍሉ ዞሮ ሲናገር ትከተላለች፤ ያውም ከፊት ብትቀመጥ ነው። ከፊት ግን የተቀመጡት በደንብ የሚሰሙት ናቸው። ይህ አቀማመጥ ተፈጥሮ ያወጣችው ነው? በዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ ስትወድቅ «አልቻለችም» ይባላል።

ቀድሞ አካል ጉዳት የእርግማን ወይም የኀጢአት ውጤት ነው ተብሎ ልጅ በጓዳ ይደበቅ ነበር፤ ዛሬም የሚደብቅ አለ። በእነዚያ ወላጆች ላይ ስንስቅ የኖርን እኛ የተማርነው ደግሞ «የተፈጥሮ ሕግ ነው» እንላለን። ቁልፉ ተለወጠ እንጂ በሩ ያው ተዘግቷል።

«እሺ፣ ግን ከ70 ልጅ ጋር ምን ይደረግ? ለአንዱ ስንል 69ኙን እንበድል?» የሚል መኖሩን እናውቃለን። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ እኛም ሙሉ መልስ የለንም። መጻሕፍቱ አይበቁም፤ በምልክት ቋንቋና በብሬል የሠለጠነ መምህር ጥቂት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ግን ሰፊ ናት። ቢሆንም ያየነውን እንመስክር። ከመካከላችን አንዱ በልምምዱ ለዚያች ልጅ ሲል ወደ ክፍሉ ዞሮ መናገርና ቁልፍ ቃላቱን በትልቁ መጻፍ ጀመረ። በሳምንቱ ከኋላ የነበሩት «ሰነፎች» እጅ ማውጣት ጀመሩ። ለካ እነሱም አይሰሙም፣ አይታያቸውም ነበር! 69ኙ አልተበደሉም፤ ያልተበደሉት እንዲያውም አሁን ነው።

ከዚሁ ከደቡብ ወሎ፣ ከአማራ ሳይንት፣ የተወለደችውን የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን በዝና እናውቃታለን። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። በአገሩ ልማድ ልጃገረድ በልጅነቷ ትዳር ነበርና ማየት ተስኗት «ለትዳር አትሆንም» በመባሏ ከዚያ ተርፋ ትምህርት ቤት መግባቷን ራሷ ተናግራለች። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ኋላም በአዲስ አበባ ተማረች፤ ጠበቃ ሆነች፤ በ2010 ዓ.ም. መስከረም ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተመረጠች። እስቲ አስቡት። ለትዳር ገበያ «ብቁ ያልሆነችው» ለትምህርት ብቁ ሆና ተገኘች። ልጅቷ ያው ናት፤ የተለወጠው ያረፈችበት ቦታ ነው። ይህን ስንል ግን ሁሉም አካል ጉዳተኛ ተሸላሚ ካልሆነ ቦታ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምርጫ ይሆናል። እኛስ መቼ ተሸልመን ገባን?

በመጨረሻ ስለ ቡድኑ ጉዳይ። ዝርዝሩ የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። የእኛ ቡድን አራት ሰው ብቻ ስለነበረው የልጁን ስም ጨመርን፤ ሳንጠይቀው ነው የጨመርነው፤ ሌላ ጥፋት። ሄደን ስንነግረው አመሰግናለሁ አላለንም። «ከእናንተ ውስጥ ሰሌዳ ላይ በትልቁ፣ ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ማነው?» ብሎ ጠየቀን። «የቃሉን እኔ እይዛለሁ፤ የእጅ ጽሑፋችሁ ግን እኔ እንኳ ባላየው ልጆቹ ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ» አለ። ተያየን። ከማክሰኞ ጀምሮ ከራት በኋላ በባዶው ክፍል ጠመኔ ይዘን እየተለማመድን ነው፤ መስመራችን እስካሁን ወደ ታች ይወርዳል። ጓደኛችን የሚመልሰው ካለው ከዚህ ወረቀት በስተቀኝ ቦታ ትተንለታል።